ገንዘብ ያለውና ሙያ ያለው ሲገናኙ

በዋግ ኽምራ ለሚጀመር የቴክኖሎጂ ሥራ ገንዘቡ ከየት፣ ባለሙያውስ ከየት ይምጣ?



  

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ እያለ በግልጽ የማይወራ ነው። አንድ ቤተሰብ ልጁን ተቸግሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ልጅቷ በኮምፒዩተር ሳይንስ ትመረቅና ወደ ሰቆጣ ትመለሳለች። የተመረቀችበት ሥራ የለም። የራሷን ሥራ ለመጀመር ሐሳብ አላት፤ ገንዘብ ግን የላትም። ባንክ ብትሄድ መያዣ አምጪ ትባላለች፤ ብድሩም ወለድ ያለበት ነው። አባትና እናት ደግሞ ለክፉ ቀን ያስቀመጧት ጥቂት ጥሪት አለች፤ ነገር ግን ጥሪቷን ከልጅቷ ሙያ ጋር የሚያገናኙበትን መንገድ አያውቁም።

ታዲያ ያቺ ጥሪት ብዙ ጊዜ የት ትገባለች? ለደላላ ትከፈላለች። ወንድሟ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ እንዲሻገር ፍየሉ ይሸጣል፣ በሬው ይሸጣል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመላሽ የሆኑት ኢትዮጵያውያን ከ160 ሺህ በላይ እንደነበሩ እናስታውሳለን። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው የገቡት ባዶ እጃቸውን ነበር። የቤተሰቡም ጥሪት አብሮ ጠፋ።

በመሆኑም ጥያቄያችን የሀብታም ከተሞች ጥያቄ ብቻ አይደለም። በሰቆጣ፣ በዝቋላ፣ በአበርገሌ፣ በድሃና እና በጋዝጊብላ ያለ ቤተሰብ ጥያቄም ነው። አዲስ የቴክኖሎጂ ሥራ ለመጀመር ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ ገንዘብና የሠለጠነ ሰው። እነዚህን ሁለቱን በምን ውል እናገናኛቸው?

ሰቆጣ ለንግድ እንግዳ አይደለችም

ዛሬ የሰቆጣ ስም በብዛት የሚነሳው ከድርቅና ከእርዳታ ጋር ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም የገባውን ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ የሰየመውም አካባቢው በተደጋጋሚ በረሃብ ስለተጎዳ ነው። ይህ ሲባል ግን የከተማዋ ታሪክ ይህ ብቻ እንዳይመስለን። ሰቆጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢትዮጵያ ከታወቁት የአሞሌ ጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የመጣው ጨው እዚህ እጅ እየለወጠ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ወደ ጎንደር ይሻገር ነበር። አሞሌው ሸቀጥም ገንዘብም ነበር። በሰሜኑ የረጅም ርቀት ንግድ ውስጥ ደግሞ ሙስሊም ነጋዴዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

የሲራራ ንግድ እንዴት ይካሄድ እንደነበር ልብ እንበል። ገንዘብ ያለው ሁሉ መንገድ አይወጣም፤ ሽማግሌ ይሆናል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ትሆናለች። መንገዱን የሚያውቀውና ጉልበት ያለው ወጣት ደግሞ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ሙያውን ያዋጣሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይ ሆነው ከመላካቸው በፊት በእናታችን በኸዲጃ (ረ.ዐ.) ገንዘብ ወደ ሻም የነገዱት በዚሁ ዓይነት አሠራር እንደነበር ሁላችንም ከሲራ እናውቃለን። ፉቀሃዎች ይህን ውል ሙዷረባ ወይም ቂራድ ይሉታል። በኢማም ማሊክ ሙወጣእ ውስጥ ቂራድ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው።

የዋግ ገበሬም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ልማድ አለው። ፍየል ያለው ሰው ፍየሉን ለሌለው ይሰጣል፤ ተቀባዩ ይጠብቃል፣ ያረባል፤ የሚወለደውን ይካፈላሉ። ይህን «የርቢ» እንለዋለን። በርግጥ በሸሪዓ አንጻር በእንስሳት ርቢ ዝርዝር ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው፤ እኛም እዚህ ያነሳነው ፈትዋ ለመስጠት አይደለም። ማለት የፈለግነው፣ አንዱ ንብረት ሌላው ጥረት አዋጥቶ የተገኘውን መካፈል ለአካባቢያችን ሰው አዲስ ትምህርት አለመሆኑን ነው።

ብድር ለጀማሪ ሥራ ለምን አይስማማም?

በከተማ «ስታርታፕ» የሚባለው ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅት ከሱቅ የሚለይበት ነገር አለ። ሱቅ የሚከፍት ሰው ስኳርና ዘይት እንደሚሸጥ ያውቃል፤ ገበያው የታወቀ ነው። ስታርታፕ ግን ገና ያልተሞከረ ነገር ይሞክራል። ሰው ይወደዋል ወይ? ይከፍልበታል ወይ? መልሱ የሚታወቀው ከተሞከረ በኋላ ነው። በየትኛውም ሀገር አብዛኞቹ ሙከራዎች አይሳኩም፤ የተሳኩት ጥቂቶች ግን በጣም ሊያድጉ ይችላሉ።

ይህ ጠባዩ ከብድር ጋር አይስማማም። አበዳሪ ድርጅቱ ቢያድግም ከተስማማበት ወለድ በላይ አያገኝም፤ ቢከስር ግን ገንዘቡ ይቀርበታል። ስለዚህ ራሱን ለማዳን ቤት ወይም ሌላ መያዣ ይጠይቃል። የተመራቂዋ ንብረት ደግሞ በጭንቅላቷ ያለው ዕውቀትና አንድ ላፕቶፕ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ከብትን፣ ማሽንንና የአእምሮ ንብረትን ጭምር ለመያዣነት መፍቀዱ አንድ እርምጃ ነው። ነገር ግን መያዣው ከቤት ወደ ፍየል ቢለወጥም ዕዳው ዕዳ ነው፤ ለሙስሊሙ ቤተሰብ ደግሞ ወለዱም ወለድ ነው። በሱረቱል በቀራህ ንግድ መፈቀዱን፣ ወለድ ደግሞ እርም መደረጉን የማያውቅ ቤት የለም።

በዓለም ላይ ቴክኖሎጂ ያደገባቸው ሀገሮች ይህን ችግር እንዴት ፈቱት ብለን ብንጠይቅ መልሱ ያስደንቀናል። ለጀማሪ ድርጅት ገንዘብ የሚሰጡት ባለሀብቶች አያበድሩትም፤ ድርሻ ይገዛሉ። ከሰረ አብረው ይከስራሉ፤ አተረፈ አብረው ያተርፋሉ። ገንዘቡንም በአንድ ጊዜ አያፈሱትም። መጀመሪያ ለሙከራ የሚሆን ጥቂት ይሰጣሉ፤ ሙከራው ተስፋ ካሳየ ይጨምራሉ። ውሎቻቸው ከሸሪዓው መስፈርት በብዙ ዝርዝር ይለያሉ። መሠረቱ ግን አባቶቻችን በሲራራ ንግድ የሚያውቁት መካፈል ነው።

ውሉ በቁጥር ሲታይ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ምሳሌ እናድርግ። ተመራቂዋን ሐሊማ እንበላት። ሐሳቧ የፍየል ገበያ ዋጋ በስልክ ማሳወቅ ነው። ዛሬ ከአበርገሌ ወይም ከዝቋላ ፍየል የሚነዳ ሰው የሰቆጣን የዕለት ዋጋ ሳያውቅ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ከደረሰ በኋላ ዋጋው ቢረክስም ፍየሉን መልሶ መንዳት ስለማይችል ይሸጣል። ሐሊማ በየገበያው ቀን ዋጋውን ሰብስባ በአማርኛና በኽምጣና ድምጿን ትቀርጻለች፤ አርቢው በተራ ስልክ ደውሎ ያዳምጣል። ገቢዋ ብዙ ፍየል በአንድ ጊዜ ከሚፈልጉ ነጋዴዎች የምታገኘው የአገናኝነት ክፍያ ነው።

ለዚህ ሥራ 180 ሺህ ብር ያስፈልጋል እንበል። ሦስት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 60 ሺህ ብር ያዋጣሉ። ትርፉን ግማሹን ሐሊማ፣ ግማሹን ሦስቱ ቤተሰቦች እንዲካፈሉ ይዋዋላሉ። በዓመቱ መጨረሻ ካፒታሉ ሳይነካ 90 ሺህ ብር ትርፍ ቢገኝ ሐሊማ 45 ሺህ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ 15 ሺህ ብር ይደርሰዋል።

ሥራው ባይሳካስ? ሐሊማ ሳታጠፋ፣ ሳታጭበረብር ገበያው እምቢ ብሎ ከ180 ሺህ ብር 120 ሺህ ብቻ ተረፈ እንበል። የ60 ሺህ ብሩ ኪሳራ የባለገንዘቦቹ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ 20 ሺህ ብር ያጣል። የሐሊማ ኪሳራ ደግሞ የአንድ ዓመት ድካሟ ነው። ሁለቱም ወገን ተጎድተዋል፤ ነገር ግን ማንም በዕዳ አልታሰረም። ያንኑ 180 ሺህ ብር በመቶ 18 ወለድ ተበድራው ቢሆን ኖሮ በዓመቱ 212 ሺህ 400 ብር ይፈለግባት ነበር። በእጇ ያለው 120 ሺህ ስለሆነ የ92 ሺህ 400 ብር ዕዳ ተሸክማ ትቀር ነበር። ያን ጊዜ የዋስ ፍየል ይሸጣል፤ ሐሊማም ሁለተኛ ሥራ ለመሞከር አትደፍርም።

በሙዷረባ ሊጠበቁ የሚገባቸው ዋና ዋና ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የሚካፈሉት ትርፍ በድርሻ ይወሰናል፤ ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ ይባላል እንጂ «በየወሩ ይህን ያህል ብር ትሰጪኛለሽ» ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ባለሙያዋ ካላጠፋች በስተቀር ካፒታሉን እንድትመልስ ዋስ አትደረግም። ሦስተኛ፣ ባለገንዘቡ የሥራውን ዓይነትና ቦታ በውል መገደብ ይችላል፤ በየዕለቱ ሥራ ግን እየገባ እጇን አይዝም። ሐሊማ እሷም ገንዘብ ካዋጣች ውሉ ወደ ሙሻረካ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ኪሳራው እንደየመዋጮው ይከፋፈላል።

ባንኮቹ አሉ አይደለም ወይ?

አንዳንድ አድማጮቻችን «ከወለድ ነጻ ባንክ ተከፍቶልን የለም ወይ?» ሊሉ ይችላሉ። አልሐምዱሊላህ፣ ተከፍቷል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ ፈቀደ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነ ባንክ ማቋቋም ተፈቀደ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለ። ይህ ብዙ ሰው የለፋበት ትልቅ ውጤት ነው።

ነገር ግን አንድ እውነት መናገር አለብን። በዓለም ዙሪያ ያሉ ከወለድ ነጻ ባንኮች ከሙዷረባ ይልቅ በብዛት የሚሠሩት በሙራበሓ ነው። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን አስታውቆ በዱቤ ይሸጣል። ይህ የተፈቀደ ንግድ ነው፤ ለመኪናና ለማሽን ይጠቅማል። ገና ለሚሞከር ሐሳብ ግን አይሆንም፤ ዱቤው መከፈል አለበት፣ ባንኩም መያዣ ይፈልጋል። ለምን ወደ ሙዷረባ አይገቡም ቢባል፣ ምክንያቱ ሰውየውን አለማወቃቸው ነው። አዲስ አበባ ያለ የባንክ ሠራተኛ ሐሊማ አማና ጠባቂ መሆኗን፣ የጻፈችው ኪሳራም እውነተኛ መሆኑን በምን ያረጋግጣል?

የሰቆጣ ሰው ግን ያውቃል። የማን ልጅ እንደሆነች፣ በትምህርት ቤት እንዴት እንደነበረች፣ የተበደረችውን መመለሷን፣ ቃሏን መጠበቋን ጎረቤት ያውቃል። ትልልቅ ባንኮች በገንዘብ ሊገዙት ያልቻሉት ይህ ዕውቀት በትንሽ ከተማ በነጻ ይገኛል። የዛሬው ዝግጅታችን ዋና መልእክትም ይኸው ነው፤ የመጀመሪያው ገንዘብ መምጣት ያለበት ባለሙያዋን ከሚያውቋት ሰዎች ነው፤ መምጣት ያለበትም በዕዳ መልክ ሳይሆን በሽርክና ነው።

ይህ ሕልም እንዳልሆነ የሚያሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 በግብጽ፣ በናይል ደለል ባለችው ሚት ጋምር በምትባል ትንሽ ከተማ አሕመድ አን-ነጃር የሚባሉ ሰው አንድ የቁጠባ ባንክ አቋቋሙ። ሰውዬው በጀርመን ሳሉ የየአካባቢው ሕዝብ በጥቂት በጥቂቱ ቆጥቦ የራሱን ከተማ ሥራ የሚያንቀሳቅስበትን የቁጠባ ባንክ አሠራር አጥንተው ነበር። ያንን ከወለድ ነጻ አድርገው ለግብጽ ገበሬ አመጡለት። ወለድ ፈርቶ ባንክ የማይረግጠው ገበሬና የእጅ ባለሙያ ሳንቲሙን ማስቀመጥ ጀመረ፤ ባንኩም ገንዘቡን በአካባቢው ሥራዎች ላይ በሽርክና አዋለው። ሙከራው እ.ኤ.አ. በ1967 ቢቋረጥም፣ በኋላ በዓለም ለተስፋፉት ከወለድ ነጻ ባንኮች እንደ መነሻ ይቆጠራል። መነሻው የነዳጅ ባለጸጋ ከተማ አልነበረም፤ የገበሬዎች ከተማ ነበር።

የሠለጠነ ሰው እንዴት ይገኛል? እንዴትስ ይቆያል?

ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ የሚሠራበት ሰው ከሌለ ባዶ ነው። የባለሙያ ጉዳይ ሁለት ችግሮች አሉት፤ ማግኘትና ማቆየት።

ሀገራችን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቿ 70 በመቶ የሚሆኑትን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የመመደብ ፖሊሲ ተከትላ ስለነበር ብዙ ተመራቂ አፍርታለች። ዲግሪ ማለት ግን ሙያ ማለት አይደለም። ኮምፒዩተር በመጽሐፍ ብቻ የተማረ ልጅ፣ ገበያ የሚገባ ሥራ ለመሥራት ከሚችል ሰው አጠገብ ተቀምጦ መለማመድ አለበት። በአዲስ አበባ እንደ አይስአዲስ ያሉ ማዕከላት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ወጣቶችን በአንድ ቦታ አሰባስበው ሲያለማምዱ ቆይተዋል። በ2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር ደግሞ የፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርትን በኢንተርኔት በነጻ ያስተምራል። ትምህርቱ ነጻ ቢሆንም መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ኮምፒዩተርና እንግሊዝኛ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ነው የቤተሰብና የጀማዓ ሥራ የሚገባው። አንድ ክፍል፣ ሁለት ኮምፒዩተር፣ አንድ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳና ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት የተመለሰ አንድ ተማሪ ካሉ፣ ለአሥር ልጆች መማሪያ ይሆናል። ይህን ክፍል ወቅፍ ማድረግ የሚችል ሰው ቢገኝ አጅሩ ከሞተ በኋላም የሚቀጥል ነው።

ማቆየቱ ይከብዳል። የሠለጠነ ልጅ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ውጭ ይሄዳል። በደመወዝ ሊወዳደር የሚችል የሰቆጣ ድርጅት የለም። ታዲያ በምን ይያዝ? አሁንም መልሱ ድርሻ ነው። በሌላው ዓለም ጀማሪ ድርጅቶች ከፍ ያለ ደመወዝ መክፈል ሲያቅታቸው ለሠራተኞቻቸው ከድርጅቱ ድርሻ ይሰጣሉ። ሠራተኛው ዛሬ ጥቂት ያገኛል፤ ድርጅቱ ሲያድግ ግን የራሱ ነው። በሙዷረባም ሐሊማ ተቀጣሪ አይደለችም፤ የትርፉ ግማሽ ባለቤት ናት። ከቤተሰቧ ጋር ስለምትኖር የቤት ኪራይ አይገድላትም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ሥራው ሲያድግ ሕጋዊ መልክ ለመስጠት መንገድ አለ። ለጀማሪ ድርጅቶች ራሱን የቻለ አዋጅም በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል።

በዋግ ምን ዓይነት ቴክኖሎጂ ይሠራል?

ቴክኖሎጂ ሲባል ውድ ስልክና ፈጣን ኢንተርኔት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። የሀገራችንና የጎረቤቶቻችን ልምድ ግን ሌላ ይናገራል። በኬንያ ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀመር በተራ ስልክ ገንዘብ ለቤተሰብ ለመላክ ነበር። ለሙከራው ከወጣው ገንዘብ ከፊሉ ከእንግሊዝ መንግሥት የልማት ድርጅት የተገኘ ድጋፍ እንጂ ብድር አልነበረም። በሀገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬው ወደ 8028 ደውሎ የእርሻ ምክር በራሱ ቋንቋ ያዳምጣል። በአዲስ አበባ በአንዲት ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያ የተመሠረተው ራይድም ኢንተርኔት የሌለው ተሳፋሪ 8294 ደውሎ ታክሲ እንዲጠራ አድርጓል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን አልፈዋል፤ ስለዚህ ክፍያ መቀበል ለጀማሪ ድርጅት የቀድሞውን ያህል አይከብድም።

በዋግ ቴክኖሎጂ የሚጠብቁ ሥራዎች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው የተከዜ ግድብ ሐይቅ ወጣቶቻችንን ዓሣ አጥማጅ አድርጓል፤ ዓሣው ግን በሙቀት ይበላሻል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማቀዝቀዣ መግጠምና መጠገን የሚችል ባለሙያ እንጀራው እዚያ አለ። የማር አምራቹን ከከተማ ገዢ ጋር ማገናኘት፣ ለሱቆች ሒሳብ በስልክ መያዝ፣ የፀሐይ መብራት መጠገን ሁሉ ሥራ ነው። በኽምጣና የሚናገር አገልግሎት መሥራት ደግሞ የውጭ ኩባንያ የማይችለው፣ የአካባቢው ልጅ ብቻ የሚችለው ሙያ ነው።

መሰናክሉንም አንደብቅም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ሰቆጣና አካባቢዋ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጦባቸው ነበር። ሰላም ሳይኖር ስልክ የለም፤ ስልክ ሳይኖር የሐሊማ ሥራ የለም። ስለዚህ ሥራውን ስናቅድ መቋረጥን አስቀድመን እናስብ፤ መዝገቡ በወረቀትም ይያዝ፣ መብራቱ ከፀሐይም ይምጣ፣ ገንዘቡም በአንዴ አይፍሰስ።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠውን ሁሉ አናውጣ። ለሽርክና የሚውለው ቢጠፋ ቤት የማይፈርስበት ገንዘብ ብቻ ነው። አንድ ቤት ብቻውን ከሚያወጣ ይልቅ እንደ ዕቁብ ብዙ ቤቶች ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ ጉዳቱ ይቀላል። በዕቁብ ያዳበርነው የመተማመንና በቀኑ የመክፈል ልማድ ለዚህ ጥሩ መሠረት ነው። ሽርክናውን ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋርም ማድረግ ይቻላል፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከኸይበር አይሁዶች ጋር ምርቱን በግማሽ ለመካፈል ተዋውለው ነበር።

ሁለተኛ፣ ውሉ ይጻፍ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን ስለመጻፍና ስለማስመስከር መሆኑ ሊያስተምረን ይገባል። «የወንድሜ ልጅ ናት፣ ምን ያጽፈኛል?» አይባልም። እንዲያውም ዝምድና የሚበላሸው ባልተጻፈ ውል ነው። የካፒታሉ መጠን፣ የትርፍ ድርሻው፣ ሒሳብ የሚታይበት ቀንና ሥራው የሚቆምበት ሁኔታ በምስክር ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ በደረጃ ይሰጥ። ከ180 ሺህ ብር መጀመሪያ 60 ሺህ ብር ለሦስት ወር ሙከራ ይውጣ። ደዋይ ከተገኘ፣ ነጋዴ መክፈል ከጀመረ ቀጣዩ ይጨመር፤ ካልሆነ ቀሪው ይዳን።

አራተኛ፣ ዘካና ሽርክና አይደባለቁ። ዘካ ለራስ ትርፍ የሚዋጣ ካፒታል አይደለም። ነገር ግን ዘካ የሚገባው ድሃ ባለሙያ የሥራ መሣሪያ የሚገዛበት ቢሰጠው እንደሚቻል ኢማም ነወዊን ጨምሮ የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለማዎች ጽፈዋል። በአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁና አድርጉት።

አምስተኛ፣ ከአጭበርባሪ እንጠንቀቅ። «ገንዘብህን አስገባ፣ በየቀኑ ይህን ያህል ትርፍ ዋስትና አለህ፣ ሰው ካመጣህ ይጨመርልሃል» የሚሉ በስልክ የሚመጡ ነገሮች ቴክኖሎጂ እየተባሉ ብዙ ቤት አራቁተዋል። መለያው ቀላል ነው፤ እውነተኛ ንግድ ትርፍን በዋስትና አይሰጥም። ኪሳራ የለውም የሚባል ትርፍ ወይ ወለድ ነው፣ ወይ ሌብነት ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችን ያጡት ጭንቅላት አይደለም። እኛም ያጣነው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ውል ነው። ለደላላ የሚቆጠረው ብር ግማሹ እንኳ በተጻፈ ውል ለአንዲት ሐሊማ ቢሰጥ፣ ምናልባት ይከስራል፤ ምናልባትም አሥር ሰው ይቀጥራል። ለደላላ የተቆጠረው ግን ልጁንም ይዞ ነው የሚሄደው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ልጆቻችንን ለወገን የሚጠቅሙ፣ ሀገራችንንም ሰላም ያድርግልን። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።